እጁ ይባረክ፦ የክላስተራችንን ሲፒዩ ለደለደለልን የደሴ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴና ኮምቦልቻ የራሳችሁን ሰርቨር ገዝታችሁ ኩበርኔቲስ (በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞችን በማሽኖች ላይ የሚደለድልና የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ ሶፍትዌር የምታስኬዱ ይህን አንብቡልን። ባለሙያው ስሙ አደባባይ ላይ እንዳይጠራ ስለጠየቀን አንጠራውም። ሥራውን ግን በዝርዝር እንናገራለን፤ «ጎበዝ ነው» ብለን ብቻ ብንተወው ለእናንተ ምንም አይረባችሁም።

ያገኘው ሁኔታ ይህ ነው። ማሽኑ 8 ኮር አለው። በላዩ ላይ ዳታቤዝ፣ ሦስት ፖድ (ኮንቴይነር የሚይዝ የኩበርኔቲስ ትንሹ የሥራ ክፍል) ያለው የሽያጭ አገልግሎት፣ የመልእክት ወረፋ እና የሪፖርት ማውጫ ተጭነዋል። በገበያ ቀን ሽያጩ ይንቀራፈፋል። የማሽኑ ሲፒዩ ሲታይ ግን ሲሶው እንኳ አልተያዘም። በዚያ ላይ የሪፖርቱ ፖድ ፔንዲንግ (ቦታ እስኪገኝለት የመጠበቅ ሁኔታ) ላይ ቆሞ አልነሳም ብሏል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ሲፒዩ አይበቃም» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሌላ ማሽን ግዙ» ይል ነበር። እሱ አላለም።

መጀመሪያ የከፈተው ሲፒዩ ስታት የምትባለውን የሲግሩፕ (ሊኑክስ የእያንዳንዱን ኮንቴይነር ድርሻ የሚቆጣጠርበት ዘዴ) ፋይል ነው። ውስጧ ያሉ ሁለት ቁጥሮችን አነጻጸረ፤ አንዱ ያለፉትን የጊዜ ክፍሎች ይቆጥራል፣ ሌላው ከእነዚያ ውስጥ ኮንቴይነሩ የታገደባቸውን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እግር በእግር ተከትሎ እያደገ ከሆነ ማሽኑ አላነሰም፤ ያነቀው የተጻፈለት ሊሚት፣ ማለትም የሲፒዩ ጣሪያው ነው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ አስቀመጠልን። ሊኑክስ ሊሚትን የሚያስከብረው በነባሪነት በየ100 ሚሊሰከንዱ ነው። የሽያጩ ፖድ ሊሚት የነበረው 500 ሚሊኮር ማለት ግማሽ ኮር ስለሆነ በእያንዳንዱ ክፍል 50 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። የሽያጩ ፖድ አራት ስሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) በአንድ ጊዜ ሲያሠራ ያችን 50 በ12.5 ሚሊሰከንድ ጨርሶ፣ ቀሪውን 87.5 ሚሊሰከንድ ኮሮቹ ባዶ ቢሆኑም ቆሞ ይጠብቃል። በደቂቃ አማካይ የሚሠራው ግራፍ ይህን ይደብቀዋል። «ሲፒዩ አልተያዘም፣ ሥራው ግን ቀርፋፋ ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መስኖ ለሚያውቅ ወሎዬ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሪኩዌስት፣ ማለትም ፖዱ እንዲያዝለት የሚጠይቀው ድርሻ፣ የውሃ አባት የሚሰጠው ተራ ነው፤ ውሃ ሲያጥር ተራህን ማንም አይነካብህም፣ ሲተርፍ ደግሞ ከተራህ በላይ ብትወስድ የሚከለክልህ የለም። ሊሚት ግን ወንዙ ሞልቶ እየፈሰሰም ቦይህን የሚዘጋ መዝጊያ ነው። ዋስትናው ያለው ሪኩዌስቱ ላይ ነው። ሊሚት ያበዛ ሰው ዋስትና ያበዛ ይመስለዋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው።

ፔንዲንጉን ያወቀው ደግሞ በቀላል ድምር ነው። ከ8000 ሚሊኮር ለሲስተሙ 500 ተይዞ ለፖዶች የቀረው 7500 ነበር። ዳታቤዙ 4000 ጠይቋል። ሦስቱ የሽያጭ ፖዶች 1500 ይዘዋል። የመልእክት ወረፋው ሪኩዌስት አልተጻፈለትም፤ ሊሚቱ ግን 2000 ነው። ሊሚት ብቻ ከተጻፈ ኩበርኔቲስ ያንኑ ቁጥር ሪኩዌስት ያደርገዋል። ድምሩ 7500 ሞላ። ሪፖርቱ 1000 ይዞ ቢመጣ መቀመጫ የለም። ስኬጁለሩ (ፖዶችን በማሽን ላይ የሚመድበው የኩበርኔቲስ ክፍል) የሚደምረው የተጠየቀውን ነው፤ ማሽኑ በእውነት ምን ያህል እንደሠራ አይመለከትም።

ቁጥሮቹን የቀየረው ገበያ ቀንን ጨምሮ ሳምንት ሙሉ ከለካ በኋላ ነው። (ቸኩሎ የሚፈልገው ሰው ይህን ይወቅ፤ ሳይለካ ቁጥር አይጽፍም፣ ብትለምኑትም።) ዳታቤዙን 2000 አደረገው። እያንዳንዱን የሽያጭ ፖድ 700 ሰጥቶ የሲፒዩ ሊሚቱን አነሳለት። ወረፋውን 300፣ ሪፖርቱን 200 አድርጎ ለሪፖርቱ ብቻ የ1500 ሊሚት ተወለት፤ ሪፖርት ቢዘገይ ደንበኛ አይቆምም። ድምሩ 4600 ሆነ። የቀረው 2900 ያለ ምክንያት አልተተወም። የሽያጩ አገልግሎት በአዲስ ቅጂ ሲተካ በነባሪው ደንብ አንድ ትርፍ ፖድ ስለሚነሳ ቢያንስ 700 ክፍት መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ማሻሻያው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። አሁን ማሽኑ ሲጨናነቅ አንድ የሽያጭ ፖድ ከሪፖርቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ድርሻ ያገኛል።

የሜሞሪ ሊሚቱን ግን አልነካም፣ እናንተም እንዳትነኩ። ሲፒዩ ያጣ ኮንቴይነር ይዘገያል እንጂ በዚያ ብቻ አይሞትም። ሜሞሪ ከልክ ያለፈ ይገደላል፤ ልክ ካልተበጀለት ደግሞ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ ልናመሰግነው የምንወደው ስለ መብራት ባሰበው ነው። እዚህ አገር መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም ኮንቴይነር በአንድ ላይ ይነሳል። በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ከመደበኛ ሥራው ይልቅ ሲነሳ ነው ብዙ ሲፒዩ የሚበላው። ኮንቴይነሩ በትክክል እየሠራ መሆኑን የሚጠይቀው የጤና ፍተሻ በነባሪ በየ10 ሰከንዱ ጠይቆ በ1 ሰከንድ ውስጥ መልስ ይጠብቃል፤ ሦስቴ ከከሸፈ ኮንቴይነሩን ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል። በሲፒዩ እጥረት የዘገየው ይገደላል፣ እንደገና ሲነሳ እጥረቱን ያባብሳል፣ ሌላውም ይገደላል። ይህ አዙሪት ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ያደረገው በየ10 ሰከንዱ እስከ 30 ሙከራ የሚታገስ የመነሻ ፍተሻ ማስገባት ነው፤ ይኸውም 300 ሰከንድ። ያ እስኪያልፍ ዋናው ፍተሻ አይጀምርም። የፍተሻውን የመልስ ጊዜም ከ1 ወደ 5 ሰከንድ አሳደገው።

ሥራ ሲበዛ በራስ ሰር ፖድ የሚጨምረውን የኩበርኔቲስ ክፍልም አልረሳም። የእሱ ፐርሰንት የሚሰላው ከሪኩዌስቱ ነው። የ70 ፐርሰንት ዒላማ ሪኩዌስቱ 500 እያለ 350 ሚሊኮር ላይ ይነቃ ነበር፤ 700 ሲሆን 490 ላይ ነው የሚነቃው። ሪኩዌስት ቀይሮ ይህን የሚረሳ ሰው «ፖድ መጨመር አቆመ» ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ለዳታቤዙ ብቻቸውን የሚያገለግሉ ኮሮች እንዲመደቡ ስንጠይቀው ደግሞ ለጊዜው አያስፈልጋችሁም አለን፤ ገንዘብ ሊያገኝበት ይችል የነበረውን ሥራ ማለት ነው። ምክንያቱንም አስረዳን። ያ የሚሠራው ስታቲክ በሚባለው ፖሊሲ ነው። ፖዱ በሲፒዩም በሜሞሪም ሪኩዌስቱና ሊሚቱ እኩል መሆን አለበት፣ የሲፒዩው ቁጥርም ሙሉ መሆን አለበት፤ 2 ኮር የጠየቀ ያገኛል፣ 1500 ሚሊኮር የጠየቀ አያገኝም። ፖሊሲውን ለመቀየር ኖዱን (ማሽኑን) ከፖዶች ባዶ ማድረግ፣ ኩብሌትን (በማሽኑ ላይ ፖዶችን የሚያስነሳውን የኩበርኔቲስ ፕሮግራም) ማቆም፣ የድሮውን የሲፒዩ ማኔጀር የሁኔታ ፋይል ማጥፋት፣ ከዚያ እንደገና ማስነሳት ይጠይቃል። ፋይሉ ከተረሳ ኩብሌት አይነሳም። አንድ ኖድ ብቻ ላለው ሰው ይህ ሙሉ አገልግሎት ማቋረጥ ነው።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፣ ዱዓችን ካንተ ጋር ነው።

ልትጠሩት የምታስቡ አስቀድማችሁ የሰባት ቀን የፍጆታ መዝገብ ያዙ፤ ካልያዛችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ለመለካት ብቻ ነው የምትከፍሉት። የእያንዳንዱን ፖድ ሪኩዌስትና ሊሚት አውጥታችሁ ጻፉ። የትኛው አገልግሎት ቢዘገይ እንደምትታገሡ፣ የትኛው ቢዘገይ ደንበኛ እንደሚያለቅስባችሁ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ፤ ያንን እሱ ሊወስንላችሁ አይችልም። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን ፈቃዱን ጠይቀን እንሰጣለን።