ሲኒክሩዘር ወይስ ፒዲ 4104? የሁለት አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ንጽጽር

ጄኔራል ሞተርስ ለአሜሪካው ግሬይሀውንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 የሠራቸው 1,001 ሲኒክሩዘሮች መጸዳጃ ቤት የነበራቸው፣ በጥቂት ደረጃዎች ወደሚወጣበት የኋላ ወለላቸው የወጣ ተሳፋሪም በሾፌሩ አናት ላይ አሻግሮ መንገዱን የሚያይባቸው ውብ አውቶቡሶች ነበሩ። የተጣመሩት ሁለት ሞተሮቻቸው ግን በየጊዜው ስላስቸገሩ፣ በ1961 እና በ1962 አብዛኞቹ በአንድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እንዲሠሩ ተደረገ። በዚያው ዘመን የተሠራው ፒዲ 4104 ባለ አንድ ወለል ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩም ብዙ መካኒኮች የለመዱት ዓይነት ነው።

በእኔ እምነት፣ ለሙዚየም ሲኒክሩዘርን የሚተካከል የለም። ተጠብቆ የቆየ አውቶቡስ ዛሬም ሰው ጭኖ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ለሚሻ ግን 4104 ይሻላል፤ የኋላ አክሰሉ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚፈልገው ጎማና ፍሬን ያነሰ ነው።