ሁለቱ «ፍለር»፦ የፍራንኮ ባቲያቶ የ1999 እና የ2002 አልበሞች

ከጣሊያን ደሴት ከሲሲሊ የተነሣው ዘፋኝ፣ የዜማና ግጥም ደራሲ ፍራንኮ ባቲያቶ የሌሎችን ዘፈኖች በራሱ ድምፅ ያቀረበባቸው አልበሞች «ፍለር» ይባላሉ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «አበቦች» ማለት ነው። ቁጥራቸው ሰሚን ሊያሳስት ይችላል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው «ፍለር 3» ሲባል፣ «ፍለር 2» የመጣው ዘግይቶ በ2008 ነው።

የ1999ኙ አልበም የጣሊያናውያኑን ዘፋኞች የፋብሪትሲዮ ደ አንድሬንና የሰርጆ ኤንድሪጎን፣ የቤልጂየማዊውን ዘፋኝ የዣክ ብሬልንና የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን ሥራዎች፣ ገጣሚው ሳልቫቶሬ ዲ ጃኮሞ በናፖሊ ቋንቋ ከገጠመው «ኤራ ደ ማጆ» ጋር አንድ ላይ ያኖራል። ፒያኖውና ባለ አውታር መሣሪያዎቹ ለድምፁ ሰፊ ቦታ ስለሚለቁለት፣ ባቲያቶ ስሜቱን ሳያጋንን፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚያነብ ሰው በእርጋታ ያወጣዋል፤ የብሬልን ስለ አረጁ ፍቅረኞች የሚናገር ዘፈን በጣሊያንኛ ሲዘፍነው ልብ የሚነካውም ይህ ቁጥብነት ነው።

«ፍለር 3» ይበልጥ ወደ ጣሊያን ያዘነብላል። ሚና የተባለችው ጣሊያናዊት ዘፋኝ በ1960 ያስተዋወቀችው የዘፈን ደራሲው የጂኖ ፓኦሊ «ኢል ቼሎ ኢን ኡና ስታንሳ» እና የጣሊያኑ የሮክ ባንድ የፕሬሚያታ ፎርኔሪያ ማርኮኒ የ1971 ሥራ «ኢምፕሬስዮኒ ዲ ሴተምብሬ» ይገኙበታል። ያማረ ነው፤ ሆኖም አንዱን ብቻ ለሚገዛ ሰው፣ ያለማመንታት የ1999ኙን እመርጥለታለሁ።