ላይፍስትሮው የውሃ ማጣሪያ፦ የሚያስቀረውና የሚያሳልፈው

ላይፍስትሮውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ «ከእንግዲህ ያገኘሁትን ውሃ እጠጣለሁ» የሚል ተጓዥ የሚያስፈልገውን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ የተሠራለትን ሥራ በደንብ ይሠራል። ችግሩ ሰው ከዚያ በላይ ስለሚጠብቅበት ነው፤ በተለይ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር ሲሄድ።

ነገሩ ስንዝር የሚያህል ወፍራም ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው በአፍ ይስባሉ። ውስጡ ክር በመሰሉ ቀጫጭን ባዶ ቱቦዎች የታጨቀ ሲሆን፣ በግድግዳቸው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች 0.2 ማይክሮን ናቸው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። የኮሌራ ባክቴሪያ ወርዱ 0.5 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ አያልፍም። የታይፎይዱም አያልፍም። ተቅማጥ የሚያመጡት ጥገኛ ተሕዋስያን ጃርዲያ (ከ8 እስከ 12 ማይክሮን) እና ክሪፕቶስፖሪዲየም (ከ4 እስከ 6) ከዚያም የሚገዝፉ ስለሆኑ ጭራሽ አይሞክሩትም። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ግን 0.03 ማይክሮን ያህል ነው፤ ያለ ከልካይ ያልፋል። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስም እንደዚሁ።

የቅርጹን አመጣጥ ማወቅ ጉድለቱን ለመረዳት ይረዳል። ቬስተርጋርድ የተባለው ኩባንያ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋመው የካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ለጊኒ ዎርም (በመጠጥ ውሃ ወደ ሰው ለሚገባ ጥገኛ ትል) መከላከያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቱቦ ሠርቶ ነበር። ሰው ከኩሬ ሲጠጣ የትሉን እጭ የተሸከሙትን ጥቃቅን የውሃ ቁንጫዎች በወንፊት ያስቀርለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ላይፍስትሮው የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ የታሰበው ጎንበስ ብሎ ለሚጠጣ መንገደኛ እንጂ ሆቴል ለሚያድር ሰው አይደለም። ያጣራው ውሃ በቀጥታ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ጥርስ ለመቦረሽ ወይም ፍራፍሬ ለማጠብ የሚሆን ውሃ ዕቃ ውስጥ አያጠራቅምም።

ተቅማጥ ሲጀምር ጉድለቱ ይበልጥ ያፈጣል። 20.5 ግራም የሆነው መደበኛው የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢት የሚበጠበጠው በልኩ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ያን ሊትር ይህ ቱቦ አያዘጋጅልዎትም። ኦአርኤሱን ባልታከመ ውሃ በጥብጦ በቱቦው መሳብም መፍትሔ አይሆንም፤ ስኳሩ ውስጡ ይቀርና የጀርም መራቢያ ይሆናል። ስለዚህ ወይ ማፍያ ወይ የክሎሪን ክኒን የግድ ነው።

ክኒኑና ቱቦው አብረው ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ክሎሪን ባክቴሪያንና ቫይረስን ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን እምብዛም አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ክሎሪን ከገባበት የቧንቧ ውሃ 400,000 ያህል ሰው የታመመው በዚሁ ተሕዋስ ነው። እሱን ደግሞ ቱቦው ያስቀረዋል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጠው ያዝቅጡትና የላዩን በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት፤ አለዚያ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይጨርሰዋል። ክኒኑን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የሊትር ልክ ይጨምሩ። ለ1 ሊትር የተሠራ አለ፣ ለ20 ሊትርም አለ፤ መሳሳት ቀላል ነው። ከዚያ ክዳኑን ላላ አድርገው ጠርሙሱን ዘቅዘቅ ያድርጉና የታከመው ውሃ ክዳኑ በሚጠመዘዝበት የጠርሙሱ አፍ ጥርሶች ላይ እንዲፈስ ያድርጉ፤ ክዳኑ ሥር የቀረች ያልታከመች ጠብታም ልታሳምም ትችላለች። 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ በቱቦው ይጠጡ። ምድጃ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፦ ውሃው ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይፍላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ።

አዲሱን ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ነክረው ይተዉትና ጠንከር አድርገው ደጋግመው ይሳቡ። ጠጥተው ሲጨርሱ መልሰው ወደ ውስጥ ይንፉ፤ ቆሻሻውን ወደ ኋላ የሚገፋው ያ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጉንጩ እስኪያመው ድረስ ይስባል። አምራቹ 4,000 ሊትር ያጣራል ይላል፤ ደለል በበዛበት ውሃ ያን ያህል ይዘልቃል ብለው አይጠብቁ። ሲደፈን ውሃ ማሳለፍ ያቆማል እንጂ ያልተጣራ አይለቅም፤ ይህ የዕቃው ትልቁ መልካም ጎን ነው። ብርድ ግን ሌላ ነው። እርጥብ ሳለ ውስጡ በረዶ ከሠራ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃውም መውረዱን አይተውም። በረዶ ሠርቶ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ይጣሉት። የታችኛው ጫፍ ሁልጊዜ የቆሸሸ ነው፤ አፍ የሚነካውን ጫፍ ሳይከድኑ ከጥርስ ብሩሽ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይክተቱት። ለባልንጀራም አይዋስም።

ኬሚካልና ጨው አያጣራም፤ የባሕር ውሃ አይሞከርበትም።

ለእግር ጉዞና ለመጠባበቂያ እንመክረዋለን። በከተማና በሆቴል ለሚቆይ ግን ከላስቲክ ከረጢት ጋር ተገጥሞ ውሃውን ተጭነው ወደ ጠርሙስ የሚያወርዱት ዓይነት ማጣሪያ ይሻላል፤ ጥርስ መቦረሻውም የኦአርኤሱም ውሃ ከዚያ ይገኛል። የብዙዎቹ ቀዳዳ 0.1 ማይክሮን ነው። ሄፓታይተስ ኤ በዚያም ያልፋል፤ ክኒኑ ከኪስ አይወጣም።