ሂሉክሴን ከፍ ካስደረግኳት 14 ወር ሆነ

ፒካፔን ከፍ ያስደረግኩት ጥር 2017 ላይ ነው። ይሄው 14 ወር ሞላ። ቆጣሪው 21 ሺህ ኪሎ ሜትር ጨምሯል። እውነተኛው ከ22 ሺህ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ሰሞኑን ሦስት ሰው «እንዴት ሆነልህ? እኔም ላስገባ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መኪናዋ እኛ «ቪጎ» የምንላት ሂሉክስ ናት። በፈረንጅ 2012 የተሠራች፣ ደብል ካቢን፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ ባለ ተርቦ፣ ማርሿ በእጅ። ስገዛት ጎማዋ 255/70 (ስፋቱ 255 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ) ነበር፣ 15 ኢንች የብረት ቸርኬ ላይ። ቤቴ አራት ኪሎ ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ። ስለዚህ አብዛኛው ሕይወቷ ቸርችል ጎዳናን መውረድና መውጣት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ግን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው የሚያርሰው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ቪትዝም ትሄደዋለች። ጣጣው ከዚያ በኋላ ያለው 18 ኪሎ ሜትር ነው። በጋ ኮረኮንች፣ ክረምት ዋልካ።

በ2016 ክረምት ዋልካው ውስጥ ቁጭ አለች። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ። ያወጡኝ የወንድሜ በሬዎች ናቸው። በሬ ሂሉክስ ሲጎትት ለማየት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። መኪና ልቀይር እንዳልል አቅሙ የለም። በዚያው ዓመት ደግሞ ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሎ ነበር። ያለችኝን ማጠናከር ብቻ ቀረኝ።

ስህተቴ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «መሬት ነካች፣ ስለዚህ ከፍ ትበል» ብዬ አሰብኩ። ቀጥታ ሊፍት፣ ማለትም መኪናን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ፣ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ወረድኩ። ከፊት አዲስ ሞላና ሾክ አብዞርበር፣ ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ተጨማሪ ብረት፣ በድምሩ 5 ሴንቲ ሜትር። ርካሹ አማራጭ ስፔሰር ነበር። የድሮውን ሞላ ሳይነኩ ከላዩ ላይ የሚቀመጥ ድፍን ብረት ማለት ነው። ሞላው የሚያርፈው የታችኛው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ 2 ሴንቲ ተኩል ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያረጀ ሞላ ላይ ኮፍያ መድፋት መስሎኝ ተውኩት። በዚያ አልጸጸትም።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ሊፍት የሚያነሳው የመኪናዋን አካል ነው፤ የኋላውን አክሰል አይደለም። የኋላው አክሰል ጎማዎቹ መሃል የተንጠለጠለ አንድ ወጥ ብረት ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ድቡልቡል ብረት፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ እዚያ ይገኛል። ባሌስትራውን እስከ ጣሪያ ብታነሱት ዲፈረንሻሉ ካለበት አንድ ሚሊ ሜትር አይንቀሳቀስም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ያን ክረምት ዋልካው ላይ ያረፈው ዲፈረንሻሉ ነበር። እኔ የከፈልኩት ግን ኮፈኑን ወደ ሰማይ ለማቅረብ ነው።

ይህን የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ለሌላ ጉዳይ ጋራዣቸው ገብቼ፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ባርኔጣ ገዝተህ ጫማ ረሳህ እኮ» አሉኝ።

ስለዚህ ጫማ ፍለጋ ወጣሁ። 265/70፣ 16 ኢንች መረጥኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የድሮው ጎማ ቁመቱ 738 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይሄኛው 777። ልዩነቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ግማሹ ማለትም 2 ሴንቲ ገደማ ከዲፈረንሻሉ ሥር ይገባል። ትንሽ ይመስላል። ዋልካ ላይ ግን ትንሽ አይደለም።

ለምን 17 ኢንች ቸርኬ አላደረግህም የሚለኝ አለ። የጎማው ቁመት እኩል ከሆነ ቸርኬው ባነሰ ቁጥር የጎማው ጎን ይወፍራል። ወፍራም ጎን ደግሞ ድንጋይና ጉድጓድ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጣል፦ ይህ ልክ የቆዩ ፕራዶዎችም የሚጫሙት ስለሆነ እዚሁ ከተማ ይገኛል። አንድ ጓደኛዬ ስፋቱ 285 የሆነ ጎማ አስገብቶ፣ አንዱ ሲፈነዳበት አምሳያውን ፍለጋ ሦስት ሳምንት ታክሲ ተሳፈረ። ጎማ ስትመርጡ መጀመሪያ «ነገ ቢቀደድ የት አገኘዋለሁ?» በሉ።

ጎማው ላይ የታተመውን ቀንም አንብቡ። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ አራት አሃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያሳየኝ ጎማ 3120 ይላል። በ2020 በፈረንጅ፣ 31ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ወንድሜ፣ ፀጉሩ ራሱ አልረገፈም» አለኝ። አዲስነቱን አልካድኩም። ግን ከአራት ዓመት በላይ ተቀምጦ የኖረ አዲስ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

የመረጥኩት ኤቲ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነውን። ለጭቃ ብቻ የተሠራው ኤምቲ ዋልካ ላይ ይበልጠዋል። ይህን ከዋልካው ጋር ሁለት ክረምት ከታገለ ሰው ተቀበሉ። ዋልካ የኤቲን ጥርስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሞላውና ጎማውን ለስላሳ ዳቦ ያደርገዋል። ኤምቲ ጥርሱ ስለተራራቀ ጭቃውን አሽቀንጥሮ ይጥላል። ግን ኤምቲ ጭኖ በየቀኑ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ መመላለስ ወፍጮ ቤት ውስጥ እንደ መኖር ነው። የኔ ኤቲ እንኳ ከ60 በላይ ሲሆን ያንጎራጉራል። በኮሪደር ልማቱ የታደሰው የፒያሳ መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ ብርጭቆ ስለሆነ፣ ጎልቶ ይሰማል። አሁን ለምጄዋለሁ። ባለቤቴ አልለመደችውም።

ዋልካ ስገባ ነፋሱን ከ35 ፒኤስአይ ወደ 22 አወርዳለሁ። ጎማው ይተኛና ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። ስወጣ ከመኪናዋ ባትሪ በምትሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር እመልሰዋለሁ። ከሊፍቱ በፊት ይህችን ኮምፕረሰር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሬዎቹ ያርፉ ነበር።

እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ክረምት ሲጀማምር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ዘይትና አቧራውን ሲያላቁጠው፣ ቸርችልን ስወርድ ከድሮው የአስፋልት ጎማ ይልቅ ዘግይታ ነው የምትቆመው። ከፊቴ ላለው ታክሲ ርቀት እሰጣለሁ። በዚያ ክፍተት ሌላ ታክሲ ይገባበታል። ምን ይደረግ።

ጎማው ቶሎ ባለማለቁ ደስ ብሎኛል። አዲስ ሲሆን የጥርሱ ጥልቀት 12 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ ከፊት 8 ተኩል፣ ከኋላ 9 ነው። ሁለት ጊዜ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሬያለሁ። ስኮርት ጎማውንም በአንድ ልክ ነው የገዛሁት። ቁመቱ የተለየ ስኮርት አስራችሁ ፎር ዊል ብታስገቡ ማስተላለፊያው ላይ ነው የምትፈርዱበት።

ቸርኬ። ወጣቶቹ ጥቁርና ሰፊ የሆነውን፣ ጎማውን ከፓራፋንጎ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ሊሸጡልኝ ለመኑኝ። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን መሪው ይከብዳል፣ ኩሽኔታው ይጫነዋል፣ ጭቃው በሙሉ በሩ ላይ ይለጠፋል። ያገለገለ የቶዮታ ኦርጅናል 16 ኢንች አሉሚኒየም ገዛሁ። ስድስቱ ቀዳዳም የመሃሉም ልክ ስለሚገጥም ምንም ቅጥያ አላስፈለገውም።

እዚህ ጋ ግን ነፍሴን ልከፍልበት ነበር። የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የቶዮታ ኦርጅናል አሉሚኒየም ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለውን ዳዶ ነው የሚፈልገው። ጎሚስታው የድሮዎቹን ሾጣጣዎች አስሮ ሸኘኝ። እኔም አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሜ ስወጣ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የባላንስ ችግር መስሎኝ ሰንዳፋ ድረስ ሄድኩ። ወርጄ ብነካው ሁለት ዳዶ በእጄ ዞረ። በእጄ! እዚያው አጥብቄ፣ በ30 ፍጥነት ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ትክክለኛው ዳዶ ከጎማው ጋር ሲተያይ ዋጋው ከቁጥር አይገባም። ቸርኬ ስትቀይሩ ዳዶውን አብራችሁ ጠይቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም በድጋሚ አጥብቁ።

ወደ ሊፍቱ ልመለስ፤ ቅሬታዬ ያለው እሱ ላይ ነው። ከገጠመልኝ ጋራዥ ስወጣ ሦስት ነገር ተበላሽቶ ነበር። የፊት መብራቷ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ያሳውር ነበር። ሰው «አጥፋ!» እያለ ሲያብለጨልጭብኝ ነው የገባኝ። በአንድ ካቻቪቴ አስተካከልኩት። መሪዋም ትዋልል ነበር፤ ከፊት ከፍ ሲል የጎማው ማዕዘን ስለሚለወጥ ነው። ሁለት ጊዜ ዊል አላይመንት ከተሠራላት በኋላ ተስተካከለች።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። እንደ ኔዋ ባለች ቪጎ የኋላ አክሰል ላይ በቀጭን ዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። ጭነት ሲኖር አካሏ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ያንን ታነብና ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ትቀንሳለች፣ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት። እኛ ከኋላ ከፍ ስናደርጋት ቫልቭዋ «ሁልጊዜ ባዶ ነኝ» ብላ አመነች። አራት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫዋ ይደፋል፤ የኋላው እንደሌለ ነው። ለሦስት ወር እንደዚያ ነድቻለሁ። ያገኙት ያው ሽማግሌው መካኒክ ናቸው። አክሰሉ ላይ ዘንጓ የምትታሰርበትን ቦታ በትንሽ ብረት ከፍ አደረጉት። የግማሽ ሰዓት ሥራ። ገጣሚው ስለ ቫልቭዋ ሰምቶም አያውቅ ነበር። ሊፍት ልታስገቡ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን። መልሱ ዝም ማለት ከሆነ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ነዳጅን በተመለከተ ብዙ ሰው ራሱን ያስደነግጣል። ጎማው ከድሮው 5 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ ቆጣሪው ወደ ኋላ ይቀራል። ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እኔ 84 ላይ ነኝ። ኪሎ ሜትሩም እንደዚያው ይጎድላል። ድሮ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ትጠጣ ነበር። አሁን በቆጣሪው ስቆጥር 10.8 ይወጣል፤ አስተካክዬ ስቆጥር 10.3 አካባቢ ነው። ጨምሯል፣ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። አቀበት ላይ ግን ትከብዳለች። ድሮ ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣበት ቦታ አሁን ሁለተኛ ትጠይቀኛለች። ተርቦ የሌላት የቆየች ናፍጣ ሂሉክስ ካላችሁ፣ በዚህ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ ሞተራችሁ ከነ ልኩ ጎማም አየር እያጠረው ነውና ትልቅ ጎማ አትጨምሩበት።

መሃል ከተማ ላይ ደግሞ ከፍታ የራሱ ጣጣ አለው። ሊፍቱና ጎማው ተደምረው 7 ሴንቲ ጨምረዋል። ከላይ የእቃ መጫኛ አለኝ። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ልገባ ስል መጫኛዬ የኮንክሪቱን ጠርዝ ፋቀ። ከኋላዬ አምስት መኪና ተሰልፏል፤ ሁሉም ለኔ ሲል ወደ ኋላ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ነው የማቆመው፤ ለፓርኪንግ ልጆቹ የምከፍለውን ደምሩት።

እናቴን ፋሲካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት በሩን ከፈትኩላት። አየችው። «መሰላሉስ?» አለች። በማግስቱ የጎን መወጣጫ አስገጠምኩ፤ ያም ሌላ ወጪ።

ዛሬ እንደገና ብጀምር ጎማውን ያለ ጥያቄ እገዛለሁ፤ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፣ አንድ ብሩም አያስቆጨኝም። ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፤ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። ቸርኬውንም እደግመዋለሁ። በሊፍቱ ፋንታ ግን ያረጁትን ሾኮች ብቻ በልካቸው ቀይሬ ባሌስትራውን አልነካውም ነበር። ባለፈው ክረምት ያንን ዋልካ አራት ጊዜ ገብቼ አራት ጊዜ በራሴ ወጥቻለሁ። ወንድሜ ሊፍቱ ነው ይላል። እኔ ጎማውና ኮምፕረሰሯ ናቸው እላለሁ።

የድሮዎቹ ሞላዎች እስካሁን በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ «ለቆራሌው ስጣቸው» ትላለች። አልሰጠሁም።