ትልቁን መሸጥ እየቻለ ትንሹን ያስገዛን የኤሲ ባለሙያ

ሰላም ሰላም። ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ ካዛንቺስ አካባቢ ያላችሁና ኤሲ ለማስገባት የምታስቡ ይቺን አንብቧት። በአደባባይ ላመሰግነው የምፈልገው አንድ ልጅ አለ። ሳላስፈቅደው ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። የሳሎኑ የምዕራብ ግድግዳ እንዳለ መስታወት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ኤሲ ስናጠያይቅ ሱቆቹ ቤቱን ሳያዩ "24,000 ቢቲዩ ውሰዱ፣ ትልቅ ይሻላል" ነው የሚሉት (ቢቲዩ የኤሲው አቅም የሚለካበት ነው)። ይሄ ልጅ ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት "ቤቱን ልየው" አለ።

ቀጠሮ ላይ እንኳን ብዙ አትመኑት፤ ጠዋት ብሎ 9 ሰዓት ላይ ነው የደረሰው። ግን በጀን፣ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስታርፍ በዓይኑ አየ። መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ ቶሎ አነሳው። "ከላይ ቆርቆሮ ነው ሶሌታ?" አለ። ሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ 4 በ4.5፣ 18 ካሬ። ማታ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ የኩሽናው በር ክፍት እንደሚውል ሁሉ ጠየቀ።

ሂሳቡን እዚያው ቁጭ ብሎ አስረዳን። መነሻው በካሬ ከ500 እስከ 600 ቢቲዩ ነው፤ ለ18 ካሬ ከ9,000 እስከ 10,800 ይመጣል። እዚህ ላይ የምዕራቡ ፀሐይ አለ፣ ጣራው አለ፣ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ያው ፋን እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ቆላ ላይ ከሚያነሳው ያንሳል። ስለዚህ 9,000ው ቀኑን ሙሉ ቢጮህም አይደርስም፣ 12,000 ግን ይበቃል።

"24,000 ብንወስድስ?" አልነው። ባይሆን ይሻላል አለ። ከመጠን በላይ የሆነ ኤሲ ቤቱን በአፍታ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል፤ በተለይ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክለው ዓይነት) ካልሆነ በየመነሳቱ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩም ዕድሜው ያጥራል። ያንን በእኛ ሰፈር ከፍ ዝቅ በሚል መብራት ላይ አስቡት። አንድ የማላውቀውንም ነገረኝ፦ 12,000 ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ከቤት የማውጣት አቅም ነው እንጂ የሚበላው መብራት አይደለም። የሚበላው 1 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው።

እኔን የገዛኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። እናቴ ለመኝታ ቤቷም እንዲገባላት ፈልጋ ነበር። "እማዬ፣ ማታ እኮ መስኮት መክፈት ይበቃል። ለቀኑ ከባድ መጋረጃ ያድርጉበት፣ ብርዎን አያባክኑ" አላት። ሁለተኛ ኤሲ መሸጥ የሚችል ሰው ነው እንዲህ ያለው! እናቴ ምርቃቱን ስታወርድለት ማስቆም አልተቻለም።

ገጠማውም ንጹህ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩንና ሽቦውን አየ። ቱቦውን ከገጠመ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት እስኪያወጣ ጠበቀ፤ ብዙዎች ይቺን ዘለው ጋዙን ይለቁታል። የውሃ መውረጃውንም ቁልቁል አዘንብሎ ወደ ፍሳሹ ስላገናኘው የታች ቤት ሰዎች ልብስ ላይ አይንጠባጠብም። ግድግዳ ሲበሳ ያስነሳውን አቧራ ግን ለእኛ ትቶልን ሄዷል፣ እሱን ልንገራችሁ።

የእጅ ዋጋው ከሰማናቸው ሁሉ ርካሹ አይደለም፤ እኔ ግን ደግሜ እጠራዋለሁ። ስትደውሉ የክፍሉን ስፋትና መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር ይዛችሁ ጠብቁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ አይሠራም፣ ለዛ አታድክሙት።