«ሙሉ ባንድ፣ በላይቭ» ተብላችሁ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጅማ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ ለገና ኮንሰርት ብር የቋጠራችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ። ሰሞኑን ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ በየአጥሩ የተለጠፈውን ፖስተር አይቼ ነው የምጽፈው። የባንዱ ስም ሌላ ነው፣ ፎቶውም ሌላ ነው። ከግርጌ ያለው ስልክ ቁጥር ግን በጥቅምት «ላይቭ» ለተባለ ግን ላይቭ ላልሆነ ኮንሰርት ትኬት ከእኔ 3,600 ብር የተቀበለው ያው ቁጥር ነው። ስልኬን አውጥቼ ቁጥር በቁጥር አመሳክሬዋለሁ።

የአዘጋጁን ስም እዚህ አልጠራም፤ አቤቱታ ልናስገባ ስለሆነ እዚያው ይጠራል። የባንዱንም ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ አሠራራቸውን ማወቅ ነው።

ጅማ ውስጥ ሮክ መውደድ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሠርጉም ምረቃውም በአንድ ኪቦርድ ያልቃል፤ ጊታር ሲጮህ «ቀንሱት» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ጃኖ ባንድ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ይዞ፣ በዚያ በሚያጓራ ጊታር ላይ በአማርኛ ሲዘፍን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ሌላ ነገር እምቢ ብሏል። ወንድሜ ላይ ያጋባሁበትም እኔ ነኝ። አሁን 12ኛ ክፍል ነው። አምና ያገለገለ ቤዝ ጊታር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መጣለት። አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ የለውም። የጊታሩን ራስ ከቁም ሳጥኑ እንጨት ጋር አስደግፎ ነው የሚለማመደው፤ እንጨቱ ድምፁን ይቀበልና ቁም ሳጥኑ በሙሉ ይነዝራል። ማታ ማታ በእኔ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ይሰማኛል። የሚለማመደው ደግሞ የጃኖን ሳይሆን በጥቅምት ይመጣል የተባለውን፣ ስሙን የማልጠራውን ባንድ ዘፈኖች ነው፣ ስንት ወር ሙሉ። እንግዲህ ባንዱ «ለመጀመሪያ ጊዜ በጅማ» ሲባል ቤታችን ውስጥ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የጥቅምቱ ፖስተር «ሙሉ ባንድ»፣ «በላይቭ»፣ «በስታዲየም» ይላል። አምስቱም የባንዱ አባላት ፎቶው ላይ አሉ። መደበኛው 600 ብር፣ ቪአይፒ 1,800 ብር። ቪአይፒ የገዛ የፊት መቀመጫ፣ አንድ መጠጥና ከባንዱ ጋር ፎቶ ያገኛል ተባለ። ያችን ፎቶ ለወንድሜ ብዬ ሁለት ቪአይፒ ለመግዛት ደወልኩ። ሰውየው ትሁት ነው፤ «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግረው። «እህቴ፣ ቪአይፒ አስር ብቻ ቀርቷል፤ አሁኑኑ በቴሌብር ላኪልኝ፣ ትኬቱን በባጃጅ እልክልሻለሁ» አለኝ። ደረሰኝ ይኖረዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ «ትኬቱ ራሱ ደረሰኝ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ላክሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ገንዘቤ የጠፋው ያኔ ነውና። ከ127፣ ከቴሌብር ቁጥር፣ የመጣልኝ መልእክት ላይ የተጻፈው የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። በሥርዓት ለሚሠራ ድርጅት ስትከፍሉ በነጋዴ ቁጥሩ ትከፍላላችሁ፣ የድርጅቱም ስም ይመጣላችኋል። ለግለሰብ ስትልኩ ግን ለዘመድ ብር እንደላካችሁ ነው የሚቆጠረው፤ ነገ ተነስታችሁ «ትኬት ገዝቼበት ነው» ብትሉ ወረቀቱ አይመሰክርላችሁም። ትኬቱም መጣ፤ የሚያብረቀርቅ ቆንጆ ወረቀት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፣ የአዘጋጁ አድራሻ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ያለው ተራ ቁጥርና ከጀርባው በደቃቃ ፊደል «ፕሮግራሙ ሊቀየር ይችላል፤ የተሸጠ ትኬት አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ እንኳ አላረፈበትም።

ቅዳሜ ጠዋት መልእክት መጣ፤ በዝናቡ ምክንያት ቦታው ከስታዲየም ወደ አንድ ሆቴል ግቢ ተቀይሯል። ጥቅምት ላይ ጅማ ቢዘንብ ማን ይገረማል? እኛም አልጠረጠርንም። ጓደኛዬ ግን ከሆቴሉ ጀርባ ነው የምትኖረው፤ ከሰዓት በኋላ ደውላ «እስካሁን አንድም ድምፅ አልሰማሁም፣ እርግጠኛ ናችሁ ዛሬ ነው?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ትልቅ ምልክት ነበረች። እውነተኛ ላይቭ የሚጫወት ባንድ ከሰዓት በኋላ ሳውንድ ቼክ ያደርጋል። ድራሙ ብቻውን ደጋግሞ ይመታል፣ ቤዙ ይሞከራል፣ ማይኩ ላይ «ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» እየተባለ ሰፈሩ ይሰለቻል። ሳውንድ ቼክ የሌለበት ቦታ የሚስተካከል መሣሪያ የለም ማለት ነው። ከእንግዲህ ማንም «ላይቭ» ቢለኝ ትኬቱን ከማየቴ በፊት በዚያ ሰፈር ያለ ሰው ነው የምጠይቀው።

በር የሚከፈተው 12 ሰዓት ነው ተብሎ 11 ተኩል ላይ ደረስን። ከአጋሮ የመጡ ልጆች ቀድመውን ተሰልፈው ነበር፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዝናብ መጥተው። ምሽት 4 ሰዓት ድረስ ያው ሰልፍና ያው ድንኳን ነው። ቪአይፒ የተባለው በገመድ የተከለለ ጭቃ ላይ የተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ሆነ። መጠጡ «አልቋል»። ይሄ ሁሉ ግድ አልሰጠኝም፣ እውነቴን ነው። ባንዱ ይውጣ እንጂ ቆሜም እሰማለሁ ብዬ ነበር።

ወጡ፤ ሦስት ሆነው። ድምፃዊው፣ ቤዝ ተጫዋቹና ድራመሩ። ኪቦርድ ተጫዋቹም ሊድ ጊታሪስቱም የሉም። ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፤ ያን የመጀመሪያ ደቂቃ እስከዛሬ እወደዋለሁ፣ አልክድም። ከዚያ ዘፈኑ መሃል ላይ ደረሰና የጊታር ሶሎ፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ፣ መጣ። ጊታሪስቱ መድረክ ላይ የለም፣ ሶሎው ግን እንደ አልበሙ አንድ ኖታ ሳይጎድል ተሰማ።

ወንድሜ ዝም ብሎ የቤዝ ተጫዋቹን እግር ነበር የሚያየው። ክንዴን ነካ አድርጎ «ገመዱ አልተሰካም እኮ» አለኝ። አየሁት። ጥቁሩ ገመድ ከጊታሩ ወርዶ መድረኩ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ጃክ ከተጫዋቹ ጫማ አጠገብ ባዶውን ተኝቷል። መብራቱ በዞረ ቁጥር ብልጭ ይላል። ከኋላው አምፕ የለም። በመድረኩ ላይ ያለው ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማይክና በጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ላፕቶፕ ነው። የሮክ ባንድ ድራም ብቻውን ስንት ማይክ እንደሚፈልግ የምታውቁ አላችሁ፤ እዚያ ድራም ላይ አንድም አልነበረም።

የዘፈኑ መጨረሻ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። አልበሙ ላይ ያ ዘፈን የሚያልቀው ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ እያደረገ የሚያስቀረው አጨራረስ ነው። መድረክ ላይ የሚጫወት ባንድ እንዲህ አይጨርስም፤ ተያይቶ በአንድ ምት ያቆማል። እዚህ ግን ድራመሩ ሁለት እጁን አንስቶ ሲምባሉን፣ የድራሙን የብረት ሳህን፣ እየመታ ሳለ ሙዚቃው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዱላው ሲምባሉን ሲነካ እውነተኛው ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀጭን ነበር፤ ድንኳኑን የሚመታው ዝናብ ይበልጠዋል። ድራመሩ እጁን ዝቅ አደረገ። ያን ምሽት በላይቭ የሰማሁት ሙዚቃ እሱ ብቻ ነው።

ፕሌይባክ፣ ማለትም የተቀረጸ ሙዚቃ ከፍቶ በላዩ ላይ መጫወት፣ ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። በቀረጻ ላይ የሚዘፍን ሰው አለ፣ ተመልካቹ አውቆ ከገባ ችግር የለውም፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይሆናል። «ሙሉ ባንድ በላይቭ» ብሎ 1,800 ብር ተቀብሎ ፍላሽ መክፈት ግን ማታለል ነው።

ከስድስት ዘፈን በኋላ አለቀ። ፎቶ የሚባለውን ለመጠየቅ ከኋላ ወዳለው ሚኒባስ ሄድን። አዘጋጁ የለም፤ ቤዝ ተጫዋቹ ግን ዝናቡ ላይ ቆሞ ነበር። ወንድሜ እጁን ሲዘረጋለት ተጫዋቹ የወንድሜ ጣት ጫፍ ላይ ያለውን ጠንካራ ቆዳ ዳሰሰና «ቤዝ ነው የምትጫወተው?» አለው። ከዚያ እኛ ሳንጠይቀው ነገረን። ቀብድ ብቻ ነው የተከፈላቸው። ላልመጡት ሁለቱ የባንዱ ልጆች የመጓጓዣ አልተላከላቸውም። አምፑ፣ የድራም ማይኩ፣ ሚክሰሩ ሁሉ ጅማ ላይ ይከራያል ተብለው መጥተው ሲደርሱ ያገኙት ሁለት ስፒከር ነው። «ሕዝቡ ገብቶ ተቀምጧል፣ ጥለን ብንሄድ ደግሞ እኛን ነው የሚሰድበን» አለ። እኔ በበኩሌ ማይኩን ይዘው እውነቱን ሊነግሩን ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ለእሱም ብዬዋለሁ። አንገቱን ደፋ። ስማቸውን ያልጠራሁት ለዚህ ነው፤ ከእኛ በላይ የተጎዳው ስማቸው ይመስለኛል። ወንድሜ ፎቶ አልፈለገም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ያላደረግሁት የለም። ሰኞ ደወልኩ፣ «እህቴ፣ ረቡዕ ደውዪ» ተባልኩ። ረቡዕ ደወልኩ፣ «የተሸጠ ትኬት አይመለስም፣ ጀርባውን አንብቢ» አለኝ፤ ያ ትህትና የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ለእኔ አይነሳም፤ በጓደኛዬ ስልክ ስደውል ግን በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት እህቴ» ይላል።

አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብትም አለው። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ትኬት ጀርባ ላይ «አይመለስም» ብሎ በደቃቃ ፊደል መጻፍ የዋሸውን ሰው ነጻ አያወጣውም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ ደረሰኝ የለኝም፣ ብሩም የተላከው ለግለሰብ ነው። ለእኔ የተረፈኝ ፖስተሩን ፎቶ ማንሳቴ፣ የ127ቱን መልእክት አለማጥፋቴ፣ ወንድሜም የዘፈኑን መጨረሻ በስልኩ መቅረጹ ነው። ያልተሰካው ገመድ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለገናው ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የትኞቹ የባንዱ አባላት እንደሚመጡ በጽሑፍ መልእክት ጠይቁ፤ በአፍ የተነገረ ነገር ነገ አይገኝም። ቦታውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ጋ ሂዱና መድረኩ በእርግጥ ተይዞ እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼ ስጠይቅ ስታዲየሙ ለዚያ ቀን ጭራሽ እንዳልተያዘ ነው የሰማሁት። ባንዱ ራሱ በገጹ ላይ «ጅማ እንመጣለን» ብሎ ካልጻፈ ፖስተር ብቻ አይታችሁ አትመኑ። «አስር ብቻ ቀርቷል» ከተባላችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉ። በእኛ ቀን ያ ገመድ ውስጥ ከግማሽ በላይ ባዶ ወንበር ነበር።

እስካሁን ትኬት የያዝን አሥራ አንድ ሰዎች ተገናኝተናል፤ አራቱ የአጋሮ ልጆች ናቸው። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አጽፈናል፤ የፊታችን ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እናስገባለን። በጥቅምቱ ዝግጅት የነበራችሁ ትኬታችሁንና የቴሌብር መልእክታችሁን ይዛችሁ ኑ። ትኬቱ በዝናብ የተበላሸባችሁም አትጣሉት፣ ተራ ቁጥሩ ከተነበበ ይበቃል። የእኔም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተጭኖ ነው የደረቀው።