የቡሊትን አገጭ ላዳነልን ሐኪም

ደሴ ውስጥ ትንሽ እንስሳ የምታሳድጉ ካላችሁ ይችን አንብቡልኝ።

የልጄ ጥንቸል ቡሊት ትባላለች። ባለፈው ልጄ አገጯ ሥር ስታሻሻት "እማዬ፣ ሽንብራ የሚያህል ነገር አለ" አለችኝ። ብዳስሰው እውነት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግማሽ እንቁላል አከለ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ሰውየው ካርቶኑን ከፍቶ አየና ሳቀ። "ለማትታለብ፣ ለማትጫን ይሄ ሁሉ? ሌላ ግዥላት" አለኝ፣ ልጄ ፊት! ሁለተኛው ጭራሽ ሳይነካት የሰው ካፕሱል ሸጠልኝ። በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት ብሎ። ልጄ እስከ ቤት አለቀሰች። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር።

ከዚያ ጎረቤቴ ላሟን የሚያክምላትን ሰው ጠቆመችኝ። የላም ሐኪም ስለ ጥንቸል ምን ያውቃል ብዬ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የዚያን ቀን የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰውየው ቡሊትን ከመንካቱ በፊት በር ላይ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ ሄዶ እጁን ከሰል ላይ አሞቀ። "ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጣታል" አለ። ጋቢውን አውልቆ ጠቀለላት። ልጄን ደግሞ "አብሽሪ፣ አንች ረዳቴ ነሽ፣ ጭንቅላቷን ያዥልኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ የለ።

ካፕሱሉን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። "ሰጠሻት?" አልሰጠሁም። "አልሐምዱሊላህ!" ለጥንቸል በአፍ ከተሰጠ ሊገድላት ይችላል አለኝ። ስለ ሆዷ ብዙ አስረዳኝ፣ አልገባኝም። ብቻ እንኳን አላጠጣኋት።

ለካ መዘዙ ጥርሷ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣርና ድርቆሽ ነው። እኛ ዳቦ በዳቦ አድርገናታል። አደንዝዞ እብጠቱን ሲከፍተው ዞር አልኩ። ልጄ ግን አይታ "አይብ ይመስላል" አለች። እኔ እስካሁን አይብ አልቀመስኩም።

በማግሥቱ ማታ ራሱ ደወለ። "በላች? በጠጥ ጣለች?" እኔ ስወልድ እንኳን እንዲህ ደውሎ የጠየቀኝ የለም። የተቀበለኝ ገንዘብም ለባጃጅ ካወጣሁት ብዙ አይበልጥም። ልጨምርለት ብል "ድርቆሽ ግዥበት" አለኝ።

ውሻም ይሁን ድመት፣ በግም ይሁን ጥንቸል፣ እሱ ጋ ውሰዱ። ሳይብስ ውሰዱ። ቁጥሩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። አላህ ያክብርልኝ።

ቡሊት አሁን ድርቆሿን እየቆረጠመች ነው። ዳቦ ስንቆርስ ግን ዛሬም ትመጣለች።